ስለ ካዛንቺስ ሰፈርና ስለ ቀላል የምድር መንቀጥቀጥ

ሰው በዕድሜው ብዙ ነገር ይጠራጠራል። ዝናም በወራቱ መዝነሙን፣ እህል በዋጋው መቆየቱን፣ ወዳጅ በቃሉ መጽናቱን ይጠራጠራል፤ የሚረግጠውን ምድር ግን አይጠራጠርም። ቤት የሚሠራው፣ ልጅ የሚያሳድገው፣ ለነገ የሚያስቀምጠው ሁሉ ምድር እንዳለች ትኖራለች በሚል እምነት ነው። ስለዚህ ምድር ጥቂት እንኳ የተንቀሳቀሰች እንደሆነ፣ ከምድሪቱ ይልቅ የሰው ልብ ይናወጣል። በ2017 ዓ.ም. የአዲስ አበባን ሕዝብ ያገኘው ይህ ነው።

ንዝረቱ ለከተማችን ቀላል ነበረ። በዚያው ዓመት በሌላ ስፍራ ለነበሩት ወገኖቻችን ግን ቀላል አልነበረም። ቀላል የሆነ ነገር ብዙ ጊዜ ቶሎ ይረሳል፤ በተረሳም ጊዜ ትምህርቱ አብሮ ይጠፋል። እኛም ይህ እንዳይሆን በማሰብ፣ ክቡራን አንባቢዎቻችንን ከነቤተ ሰቦቻቸው ይዘን በካዛንቺስ ሰፈር ጥቂት ልንዘዋወር፣ ከዚያም ንዝረቱ ወደ መጣበት አገር ወርደን ልንመለስ ወደድን። ካዛንቺስን መምረጣችንም ያለ ምክንያት አይደለም። በአንድ ዓመት ውስጥ ዝቅተኛው ቤት ሲፈርስ፣ ለረዥሙ ሕንፃ ስፍራ ሲደለደል፣ ምድርም ከበታች ስትነቃነቅ የታየበት ሰፈር ነውና፣ ስለ ምድርና ስለ ቤት ለመነጋገር ከዚህ የሚሻል ስፍራ አላገኘንም።

የሰፈሩ ስምና ታሪክ

ካዛንቺስ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኝ ሰፈር ነው። በምሥራቅ በኩል የቅዱስ ኡራኤል ቤተ ክርስቲያን፣ በምዕራብ በኩል ብሔራዊ ቤተ መንግሥትና የአፍሪካ አዳራሽ ይጐራበቱታል። ስሙ ከውጭ ቋንቋ የመጣ ሲሆን የአገራችን ሰው በአንደበቱ አለስልሶ የራሱ አድርጎታል። በጠላት ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፣ ኢጣልያኖች ለመንግሥታቸው ሠራተኞች መኖሪያ የሚያሠራ ኢንቺስ የሚባል መሥሪያ ቤት ነበራቸው። ካዜ ማለት በቋንቋቸው ቤቶች ማለት ነውና፣ በዚህ ስፍራ የተሠሩትን ቤቶች ካዜ ኢንቺስ ይሏቸው ነበር። ጠላት ከወጣ በኋላ ቤቶቹም ስሙም ለእኛ ቀሩ፤ ሕዝቡም ሁለቱን ቃል አጋጥሞ ካዛንቺስ አለው።

ከነጻነት በኋላ ሰፈሩ ከሁለት ወገን አደገ። በአንድ ወገን ታላላቆቹ ሕንፃዎች ተነሡ። የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በ1948 ዓ.ም.፣ አርቱሮ መዘዲሚ የተባለው መሐንዲስ የነደፈው የአፍሪካ አዳራሽ ደግሞ በ1953 ዓ.ም. ተሠርተው ተመረቁ። በዚህ አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ተመሠረተ፤ የአፈወርቅ ተክሌም ባለቀለም መስተዋት ሥራ እስከ ዛሬ ድረስ በዚያ ብርሃን ይቀበላል። በሌላው ወገን ደግሞ ከታላላቆቹ ሕንፃዎች ጀርባ፣ በእንጨትና በጭቃ ተሠርተው ቆርቆሮ የለበሱ ቤቶች ጎን ለጎን ተደግፈው በዙ። በጠባቡ መተላለፊያ ግራና ቀኝ ሥጋ ቤቱ፣ ሻይ ቤቱ፣ ልብስ ሰፊው፣ ጠላ ሻጭዋ ተሰልፈው፣ አንዱ ግድግዳ ለሁለት ቤት፣ አንዱ ግቢ ለብዙ ቤተ ሰብ እያገለገለ፣ ብዙ ትውልድ በዚያ ኖረ።

በ2017 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት፣ የኮሪደር ልማት በሚባለው ሥራ ምክንያት የሰፈሩ አሮጌ ቤቶች በብዛት ፈረሱ፤ ነዋሪዎቹም ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ስፍራዎች ተዛወሩ። ዛሬ በካዛንቺስ የሚዘዋወር ሰው የሰፋ መንገድ፣ የብስክሌት መሄጃ፣ አረንጓዴ ስፍራና ወደ ሰማይ የሚዘልቁ ባለ ብዙ ደርብ ሕንፃዎችን ያያል። ሰፈሩን ከልጅነቱ የሚያውቅ ሰው የአክስቱን ደጅ ፈልጎ ሊያጣው ይችላል፤ በፊት ያልነበረ አደባባይ ደግሞ በዚያው ስፍራ ያገኛል።

ንዝረቱ በካዛንቺስ እንዴት ተሰማ

መስከረም 26 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ በመለኪያ 4.9 የሆነ የምድር መንቀጥቀጥ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ተነሥቶ በአዲስ አበባ ተሰማ። ከእርሱም በኋላ ብዙ ንዝረቶች ተከታተሉ። ታኅሣሥ 26 ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ላይ 5.8 ገደማ የሆነው፣ የካቲት 7 ቀን ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ28 ደቂቃ ላይ 6.0 የሆነው ደረሱ። በእነዚህ ጊዜያት ሁሉ ከፎቅ ቤቶች ብዙ ሰዎች ሕፃናትን አቅፈው፣ አሮጊቶችን ደግፈው፣ አንዳንዱም ያለ ጫማ ወደ አደባባይ ወረዱ።

በዚህ ጊዜ ብዙዎችን ያስገረመ አንድ ነገር ነበረ። በስምንተኛው ደርብ ያለው ሰው መብራቱ ሲወዛወዝ፣ በብርጭቆ ያለው ውሃ ሲናወጥ፣ አልጋው እንደ ጀልባ ሲሄድና ሲመለስ አይቶ ደንግጦ ሲወርድ፣ በሕንፃው ሥር በእግሩ የሚሄደው መንገደኛ ምንም ሳይሰማው ይቆያል። አንዱ ፈራ፣ ሌላው ደፈረ ማለት አይደለም፤ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ በአገራችን ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል።

በሌሊት ማኅሌት ሲቆም ከሩቅ ሆኖ የሚያዳምጥ ሰው የከበሮውን ድምፅ ይሰማል፤ የጸናጽሉን ግን አይሰማም። ቀጭኑና ፈጣኑ ድምፅ በመንገድ ይጠፋል፤ ወፍራሙና ዝግተኛው ግን ይዘልቃል። የምድር ንዝረትም እንዲሁ ነው። በመነሻው ስፍራ ፈጣኑና ዝግተኛው ንዝረት ተደባልቆ ይነሣል፤ 130 ወይም 150 ኪሎ ሜትር ከተጓዘ በኋላ ግን ፈጣኑ ደክሞ ዝግተኛው ይቀራል። እያንዳንዱ ቤት ደግሞ የራሱ የመወዛወዝ ልማድ አለው። አጭሩ ቤት በፍጥነት፣ ረዥሙ ሕንፃ በዝግታ ይወዛወዛል፤ በግምት ለአንድ ደርብ የሴኮንድ አሥረኛ እጅ ያህል ይታሰባል። ስለዚህ አሥር ደርብ ያለው ሕንፃ አንድ ጊዜ ሄዶ ለመመለስ አንድ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ከሩቅ የመጣው ዝግተኛ ንዝረት ከረዥሙ ሕንፃ ልማድ ጋራ የተስማማ እንደሆነ፣ ሕንፃው እንደ ባሕር ዛፍ ጫፍ ይወዛወዛል፤ በሥሩ ያለው ሣር ግን አይነቃነቅም።

ከዚህ አንድ ነገር እንማራለን። አሮጌው ካዛንቺስ በአብዛኛው የምድር ቤት ስለ ነበረ፣ እንዲህ ያለው ከሩቅ የሚመጣ ንዝረት ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችል ነበር። አዲሱ ካዛንቺስ ግን ወደ ላይ በወጣ መጠን የምድርን ጥቂት እንቅስቃሴ እንኳ የሚያውቅ ሆኗል። በሰፈሩ ላይ ምድር አዲስ ጠባይ አላመጣችም፤ እኛ ነን ወደ ላይ የወጣነው።

ንዝረቱ ወደ ተነሣበት አገር

አሁን ካዛንቺስን ጥቂት እንተወውና ንዝረቱ የመጣበትን መንገድ ተከትለን ወደ ምሥራቅ እንውረድ። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በቢሾፍቱ በኩል የሚሄድ መንገደኛ ገና አንድ ሰዓት ሳይጓዝ የምድርን የቀድሞ ሥራ ያያል። ሆራና ቢሾፍቱ የሚባሉት የተዋቡ ሐይቆች በጥንት ዘመን እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የከፈታቸው ጉድጓዶች ናቸው። ከአዳማም በኋላ መንገዱ በወለንጪቲ አድርጎ ወደ መተሐራ ይወርዳል። ካዛንቺስ ከባሕር ወለል በላይ 2300 ሜትር ገደማ ሲሆን መተሐራ ወደ 1000 ሜትር ዝቅ ይላል፤ ነፋሱ ይሞቃል፣ ባሕር ዛፉ ቀርቶ ግራሩ ይመጣል።

ከመተሐራ አጠገብ የበሰቃ ሐይቅ አለ። ይህ ሐይቅ በ1950ዎቹ ዓመታት 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የነበረ ሲሆን፣ ኋላ ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ መንገድና የእርሻ መሬት ሸፍኗል። ከሐይቁ ወዲያ፣ እንደ ታረሰ ጥቁር መሬት ተገልብጦ የደረቀ የእሳተ ገሞራ ዐለት ይታያል። ከዚያም በላይ 2007 ሜትር ከፍታ ያለው የፈንታሌ ተራራ ቆሟል። ይህ ተራራ ከ200 ዓመት ገደማ በፊት ቅልጥ ዐለት እንዳፈሰሰ ይታወቃል።

ይህ አገር ሁሉ ታላቁ ስምጥ ሸለቆ የሚባለው ነው። ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ አፍሪካን የተሸከመው የምድር ቅርፊት በዚህ በኩል ለሁለት በመከፈል ላይ ነው፤ የምሥራቁ ክፍል ከምዕራቡ በየዓመቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። ይህ መጠን ከእጅ ጥፍር እድገት እንኳ ያነሰ ነው። ነገር ግን ቅርፊቱ በየዓመቱ በቀስታ ብቻ አይለጠጥም፤ ለብዙ ዘመን ተወጥሮ ይቆይና በአንድ ወቅት ይሰነጠቃል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር በዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ስንጥቅ በጥቂት ቀኖች ውስጥ ሲከፈት፣ በአንዳንድ ስፍራ እስከ 8 ሜትር ድረስ ሰፍቷል። በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች መካከል በ2017 ዓ.ም. የሆነውም ከዚሁ ወገን ነው። ከምድር በታች ያለ ቅልጥ ዐለት በስንጥቅ ውስጥ እየገፋ ሲሄድ፣ በላዩ ያለውን ቅርፊት እየሰበረ አስጨነቀው። በታኅሣሥ መጨረሻ ገደማም ከዶፈን አጠገብ እንፋሎትና ጭቃ ከምድር ወጣ።

በካዛንቺስ መብራት ያወዛወዘው ነገር በዚህ ስፍራ መሬት ሰነጠቀ፣ ግድግዳ ጣለ፣ መንገድ ቆረጠ። በአዋሽ ፈንታሌና በአካባቢው ወረዳዎች፣ በአፋርና በኦሮሚያ ክልሎች፣ ያሉ አርብቶ አደሮችና ገበሬዎች ቤታቸውን ትተው ወጡ፤ መንግሥትም 80 ሺህ ያህል ሰዎችን ከአደጋው ስፍራ ለማራቅ ተነሣ። ብዙዎች በሸራና በላስቲክ መጠለያ ሥር ሆነው ልጆቻቸውንና ከብቶቻቸውን ጠበቁ። እኛ ቀላል ያልነው ንዝረት ለእነርሱ የቤትና የግጦሽ ጉዳይ ነበረ። በከተማ የተሰማውን ጥቂት መወዛወዝ ስናስብ፣ ይህን አገርና ይህን ሕዝብ አብረን ማሰብ ይገባናል።

ተከታይ ንዝረት ምንድር ነው

ከአንድ ታላቅ መንቀጥቀጥ በኋላ የሚመጡት ትንንሾቹ ተከታይ ንዝረቶች ይባላሉ። ምክንያታቸው እንዲህ ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንዱ ምሰሶ የተሰበረ እንደሆነ፣ ተሸክሞት የነበረው የጣራ ክብደት ወደ ቀሩት ምሰሶዎች ይዛወራል፤ እነርሱም እስኪለምዱት ድረስ ይንቋቋሉ፤ ደካማ የሆነውም ይሰበራል። ከምድር በታች ያለው ዐለትም እንዲሁ አንዱ ሲሰበር ጭነቱን ለጎረቤቱ ይሰጣል። ኦሞሪ የሚባል የጃፓን ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1894 ዓመት ይህን ነገር መርምሮ፣ ተከታይ ንዝረቶች በቀን ብዛት ልክ እያነሱ እንደሚሄዱ አሳየ። ለምሳሌ በመጀመሪያው ቀን 100 ቢሆኑ፣ በአሥረኛው ቀን 10 ያህል ይሆናሉ ማለት ነው። ቍጥራቸው ቢያንስም ለወራት፣ አንዳንድ ጊዜም ለዓመታት ይዘልቃሉ።

የመለኪያውንም ነገር ማስረዳት ያስፈልጋል። አንድ ቍጥር በጨመረ ጊዜ የመሬቱ ንቅናቄ 10 እጥፍ፣ የሚወጣው ኃይል ደግሞ 32 እጥፍ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በ5 እና በ6 መካከል ያለው ልዩነት በወረቀት ላይ አንድ ብቻ ቢመስልም፣ በምድር ላይ እጅግ ሰፊ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ቀላል ንዝረት በተሰማ ጊዜ ሰው ሁሉ፣ አለፈ፣ ተመስገን፣ ይላል። ምስጋናው የተገባ ነው። ነገር ግን ያ ቀላል ንዝረት የታላቁ ጅራት ይሁን የሚመጣው ራስ፣ በዚያች ሰዓት የሚያውቅ የለም። ከዓለም ሊቃውንትም ማንም ቀኑንና ሰዓቱን አስቀድሞ ሊናገር አይችልም። የመስከረሙ 4.9 በተሰማ ጊዜ የመጨረሻው የመሰላቸው ብዙዎች ነበሩ፤ በታኅሣሥ 5.8፣ በየካቲት 6.0 መጣ። ከየካቲት በኋላ ነገሩ እየበረደ ሄደ፤ እንዲህ መሆኑንም ያወቅነው ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ ቀላል ንዝረት የማስታወቂያ ደብዳቤ ነው ብንል አንሳሳትም። ደብዳቤው ክፉ ነገር ይመጣል አይልም፤ ቤታችሁን ተመልከቱ ይላል።

በፊትም የሆነ ነገር ነው

የምድር መንቀጥቀጥ ለአዲስ አበባ አዲስ እንግዳ አይደለም። ነሐሴ 19 ቀን 1898 ዓ.ም.፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ከከተማይቱ በስተ ደቡብ በሐይቆቹ ሸለቆ በኩል የተነሣ ታላቅ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባን አናውጧል። በዚያ ጊዜ ከተማይቱ ገና የጎጆና የድንኳን ከተማ ስለ ነበረች የሚወድቀው ነገር ጥቂት ነበረ።

በግንቦት መጨረሻ 1953 ዓ.ም. ደግሞ፣ የአፍሪካ አዳራሽ ከተመረቀ ጥቂት ወራት ብቻ እንዳለፉት፣ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ በካራቆሬና በማጀቴ አካባቢ ምድር ተናወጠች። የማጀቴ ቤቶች ፈረሱ፣ የመኪናው መንገድ ተሰነጠቀ፤ ንዝረቱም እስከ አዲስ አበባ ተሰማ። ተከታዮቹም በሺህ የሚቈጠሩ ነበሩ። መጋቢት 20 ቀን 1961 ዓ.ም. በአፋር የሰርዶ መንደር ፈረሰ፤ ሰውም ሞተ።

ይህን ሁሉ ያወቅነው ጽፈው ባቆዩልን ሰዎች ነው። የካናዳ ተወላጅ የሆኑት አባ ፒየር ጉዌን በ1950 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የምድር ንዝረት መመልከቻ ጣቢያ አቋቁመው፣ ኋላም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1979 ዓመት የኢትዮጵያንና የአፍሪካን ቀንድ የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ በመጽሐፍ አሳተሙ። ያ ጣቢያ አድጎ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጂኦፊዚክስ፣ የኅዋ ሳይንስና አስትሮኖሚ ኢንስቲትዩት ሆኗል። በ2017 ዓ.ም. ሕዝቡ ተጨንቆ ምን ሆነ ብሎ በጠየቀ ጊዜ መልስ የሰጡት የዚህ ቤት ሊቃውንት ናቸው። አገር ለእንዲህ ያለው ሥራ የምታወጣው ገንዘብ በደኅናው ቀን የማይታይ፣ በጭንቁ ቀን ግን የሚገኝ ስንቅ ነው።

ስለ ቤት አሠራር

ወደ ካዛንቺስ ተመልሰን በአዲሶቹ ሕንፃዎች ሥር ስንቆም፣ በመንቀጥቀጥ ጊዜ ሰውን የሚገድለው ምድር ሳትሆን ቤት መሆኑን እናስባለን። በሜዳ ላይ የቆመ ሰውን ምድር ብትነቀንቀው ከመውደቅ በቀር እምብዛም አይጐዳውም። አባቶቻችን የሠሩት የእንጨትና የጭቃ ቤት ብዙ ጉድለት ቢኖረውም፣ ቀላልና ተጣጣፊ በመሆኑ ጭቃው ቢራገፍ እንኳ እንጨቱ ይቆማል። ያለ ማሰሪያ የተካበ የድንጋይ ግድግዳ ግን ክብደቱ በራሱ ላይ ጠላት ይሆንበታል።

ረዥም ሕንፃ በራሱ አደገኛ ነው ማለት አይደለም። እንዲያውም በሚገባ የተሠራ አርማታ ከብዙ አጭር ቤት ይልቅ ሊታመን ይችላል። ነገሩ በማይታየው ክፍል ነው። በምሰሶው ውስጥ ያለው ፌሮ በቂ ነውን? ፌሮውን እንደ መቀነት የሚያስረው ስታፋ ተቀራርቦ ታስሯልን? ሲሚንቶው በልኩ ተቀላቅሏልን? ለሱቅ ሲባል የምድር ቤቱ ግድግዳ ሁሉ ተነሥቶ ሕንፃው በቀጫጭን ምሰሶ ብቻ ቆሟልን? አገራችን ለዚህ ሕግ አላጣችም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓመት የወጣው የሕንፃ ደንብ 8ኛው ክፍል ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ብቻ የተጻፈ ነበረ፤ በ2015 ዓመትም በአዲስ ደንብ ተተክቷል። የሚፈለገው በደንቡ የተጻፈው በፌሮው ላይ እንዲገኝ ነው። የሕንፃ ባለቤት የሆነ ሰው ለእብነ በረዱና ለመስተዋቱ ያወጣውን ገንዘብ ለእንግዳ ያሳያል፤ ለስታፋው ያወጣውን ግን ማንም አያይለትም። ይሁን እንጂ ቤተ ሰቡን የሚጠብቀው ይኸው የማይታየው ነው። ሥራውን የሚቈጣጠሩ ሹማምንትም ይህን በማሰብ፣ ልስኑ ከመለጠፉ በፊት ምሰሶውን ቢመለከቱ፣ በፊርማቸው የብዙ ሰው ሕይወት እንደሚጠብቁ ይወቁት።

ስለ ቤተ ሰብ ጥንቃቄ

ለእናቶችና ለአባቶች ደግሞ ጥቂት ምክር አለን። በቤት ውስጥ ያለው ረዥም ቡፌና የመጻሕፍት መደርደሪያ ከግድግዳ ጋራ ይታሰር፤ ከሕፃናት አልጋ በላይ ከባድ ነገር አይሰቀል። ንዝረት በተሰማ ጊዜ ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ገብቶ ራስን በእጅ ከልሎ እስኪያልፍ መቆየት እንጂ በደረጃ መሮጥ አይገባም፤ በብዙ አገር የታየው ጉዳት በሩጫና በመገፋፋት የመጣ ነውና። በአሳንሰር ከቶ አይወረድም። ንዝረቱ ካቆመ በኋላ የጋዙ ሲሊንደር ይዘጋ፤ የከሰሉም ምድጃ ይጥፋ። ከዚያ በዝግታ ወርዶ ከሕንፃውና ከመብራት ገመድ ርቆ መቆም ነው። ግድግዳው የተሰነጠቀ ቤት ባለሙያ ሳያየው አይገባበትም፤ ተከታይ ንዝረት የመጀመሪያው የጀመረውን ሊፈጽም ይችላልና። የእጅ ባትሪና በጀሪካን የተቀመጠ ውሃ በቅርብ ይኑር። ቤተ ሰቡም ሁሉ ከቤት ውጭ የሚገናኝበትን ስፍራ አስቀድሞ ይስማማበት። ይህን ለልጆች በጨዋታ መልክ ማስተማር ይሻላል፤ የተማረ ልጅ ከፈራ ልጅ ይልቅ ይታዘዛል።

ስለ ጎረቤት

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን ግን ሌላ ነገር ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1995 ዓመት የጃፓን ከተማ ቆቤ በመንቀጥቀጥ በፈረሰች ጊዜ፣ ከፍርስራሽ በሕይወት ከወጡት ሰዎች አብዛኞቹን ያወጧቸው የቤተ ሰባቸው ሰዎችና ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ታላቁ መሣሪያና የሠለጠነው ጓድ እስኪደርስ ድረስ፣ በዚህ ክፍል አያትዮዋ ትተኛለች፣ በዚያ ክፍል ሕፃኑ አለ ብሎ የሚያውቀው ጎረቤት ነው።

አሮጌው ካዛንቺስ ጠባብ ነበረ፤ ጭስና ጭቃም ነበረበት። ነገር ግን በአንድ ግቢ ያሉ ሰዎች እርስ በርሳቸው ይተዋወቁ ነበር። እትዬ ከማለዳ ጀምሮ በሯን ካልከፈተች ጎረቤት ያንኳኳ ነበር። ዕድሩ የሚያለቅስ ብቻ አልነበረም፤ ማን እንደ ታመመ፣ ማን ብቻውን እንደሚኖር፣ የማን ልጅ ወደ ሩቅ አገር እንደ ሄደ የሚያውቅ ነበረ። ዛሬ ሰዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሰፈሮች ሄደዋል፤ በካዛንቺስም በአዲሶቹ ሕንፃዎች ሌሎች ገብተዋል፣ ገናም ይገባሉ። በባለ ብዙ ደርብ ሕንፃ የሚኖሩ ሰዎች አንዱ ከሌላው በአንድ ግድግዳ ተለይተው፣ ለዓመታት ስም ሳይጠያየቁ ሊኖሩ ይችላሉ።

በ2017 ዓ.ም. በእነዚያ ሌሊቶች በየሕንፃው ሥር የተሰበሰቡ ብዙ ጎረቤቶች ፊት ለፊት ለመጀመሪያ ጊዜ የተያዩት በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ነው። አንዱ ለሌላው ልጅ ጋቢ ሰጠ፤ አንዱ ስልኩን አበደረ፤ ቆመው እስኪነጋ ተጨዋወቱ። ንዝረቱ ካለፈ በኋላ እያንዳንዱ ወደ በሩ ተመልሶ ገባ። ያ ትውውቅ በዚያው ቀርቶ ከሆነ፣ ከንዝረቱ ያገኘነውን ትልቁን ጥቅም ጥለነዋል ማለት ነው። በያንዳንዱ ሕንፃ ዕድር ይቋቋም፤ በየደርቡም ያለ ረዳት የሚኖር ሽማግሌ፣ ድውይ፣ ነፍሰ ጡርና ሕፃን ማን ጋር እንዳለ የሚታወቅበት መዝገብ ይኑር። በወር አንድ ቀን ቡና ተፈልቶ ጎረቤት ከጎረቤት ይተዋወቅ። ይህ ሲሚንቶ አይጠይቅም፣ ፌሮም አይፈጅም፤ ነገር ግን ሕንፃው በሚወዛወዝበት ሰዓት ከምሰሶው ቀጥሎ የሚታመንበት ነገር ይህ ነው።

ስምጥ ሸለቆው ከእኛ በፊት ነበረ፤ ከእኛ በኋላም በየዓመቱ 5 ሚሊ ሜትሩን ይሄዳል። እኛ እርሱን ማቆም አይቻለንም። ቤታችንን አጽንተን መሥራት፣ ልጆቻችንን ማስተማር፣ በፈንታሌ በኩል ቤታቸውን ላጡት ወገኖቻችን ማሰብ፣ ከግድግዳው ወዲያ ያለውን ጎረቤት በስሙ መጥራት ግን ይቻለናል። ክቡራን አንባቢዎቻችንም ይህን ጽሑፍ አንብበው ሲጨርሱ፣ ዛሬ ማታ ከቡፌው ማሰሪያና ከጎረቤታቸው በር እንዲጀምሩ በትሕትና እናሳስባለን።